የወጌሻ ደብሪቱ የሦስት ሜትር ፊት

ይህን ነገር በማውራቴ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አገር ስንት ከባድ ጉዳይ ተሸክሞ ሲያቃስት፣ የደረሰ ሰው ቁጭ ብሎ ስለ አንዲት ወጌሻ ባነር ማውራቱ ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። ግን ነገሩ የሆነው ደሴ ነው፤ ደሴ የሆነ ነገር ደግሞ ካልተወራ ያንቃል። ሌላም ይቅርታ አለብኝ። እዚህ ወሬ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ አንቱ የሚባሉ ሰዎች ናቸው። ነገራቸው ግን እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ስለሆነ፣ በላዩ አንቱታ ከተጨመረበት የሚሸከመው አይገኝም። ስለዚህ ሁሉንም «አለ»፣ «አለች» እያልኩ አልፋለሁ። ክብራቸው በልቤ ነው።

እንግዲህ ደብሪቱ የምትባል ወጌሻ ነበረች። የወለቀ ትከሻ ትመልሳለች፣ የዞረ ቁርጭምጭሚት ታቀናለች፣ የተቋጠረ ጅማት ትፈታለች። ደሴ ዳገት ነው፤ ዳገት ካለ መንሸራተት አለ፤ መንሸራተት ካለ ደብሪቱ እንጀራ አላት። ዕድሜዋን ሙሉ ዋናው መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ቤት ተቀምጣ ከተማውን ስታሽ ኖረች።

ከዚያ መንገዱ ይሰፋል ተባለና ቤቷ ፈረሰ። ከገበያው ጀርባ፣ ከመጋዘንና ከእንጨት ቤት መሃል አንዲት ክፍል ተከራየች። ሰው መምጣቱን ተወ። ሰው መሰበሩን ትቶ አይደለም፤ መንገዱ ተቆፍሮ ከተተወ ወዲህማ ከመቼውም ይልቅ ይሰበር ነበር። ግን የተሰበረው ሁሉ በአንድ እግሩ እየዘለለ የድሮው ቤቷ ፍርስራሽ ድረስ ይሄዳል፤ ፍርስራሹን ይዞራል፤ «ደብሪቱስ?» ይላል፤ የሚመልስለት ያጣል፤ እየዘለለ ይመለሳል። ደብሪቱ በአዲሱ ቤቷ ቅቤዋን አሙቃ፣ ጣቶቿን አፍታታ ትጠብቃለች። ቅቤው ይረጋል። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ዕጣዋ የሴት ልጇ ባል ቤት ሄዶ ጥግ ይዞ መቀመጥ ነው፤ ደብሪቱ ደግሞ ከአማች ቤት ጥግ ገደል ይሻለኛል የምትል ሴት ናት።

የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው። ከበሯ በላይ የሚሰቀል፣ ከገበያው መግቢያ የሚታይ፣ ፊቷ ያለበት የሦስት ሜትር ባነር።

«ስም ብቻ ብንጽፍበትስ፣ እትዬ?» አላት አታሚው ይርዳው።

«እግሩ የዞረ ሰው ቆሞ ፊደል አይቆጥርም። ፊቴን ግን የማያውቅ የለም።»

ይርዳው ከስልኳ ፎቶውን ተቀበለና ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። ትርንጎ የምትባል የምታውቃት ልጅ ሠርግ ላይ የተነሳችው ነው። ሹሩባ ተሠርታለች፣ ጥበብ ለብሳለች፣ ጥርሷን ሳትሸፍን ስቃለች። ይርዳው ፎቶውን ሦስት ሜትር አድርጎ ዘረጋው።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ደብሪቱ።

«አፍንጫዎ ነው።»

«ይሄማ የድንጋይ ካብ ነው!»

«ካቡ ራሱ ነው አፍንጫዎ። ፎቶው በስንት ሰው እጅ ዞሮ ነው የደረሰዎት?»

«ትርንጎ ለአክስቷ ላከች፤ አክስቷ ለእህቴ ልጅ፤ የእህቴ ልጅ ለእኔ። በቴሌግራም።»

«አዩ? በተላከ ቁጥር ይጨመቃል። ስልክ ላይ ሲያዩት ቆንጆ ነው፤ ባነር ላይ ሲወጣ ይኸው።»

«ታዲያ ሳበው እንጂ! እኔ ስንቱን የተኮማተረ ጅማት ስቤ አርዝሜያለሁ።»

«ጅማቱ ውስጥ የሚሳብ ነገር አለ፣ እትዬ። እዚህ ውስጥ ግን የለም። የሌለ ነገር ሲስቡት ካብ ይሆናል። ለምን አሁን አዲስ አላነሳዎትም?»

«አሁን ብነሳ የሚወጣው የአሁኑ ፊቴ ነው፤ ቤቷ የፈረሰባት ሴት ፊት። ራሷ የተሰበረች የምትመስል ወጌሻ ዘንድ ማን እግሩን ይዞ ይመጣል?»

ይርዳው ፎቶውን ዘጋው። «እንግዲያው ኦሪጅናሉን ያምጡልኝ» አለ። «ከካሜራው እንደወጣ ያለውን። ፎቶ አንሺው ሰይድ ጋ አይጠፋም።»

ሰይድ ካልሰጠ ይርዳው አያትምም፤ ይርዳው ካላተመ ባነሩ አይሰቀልም። ደብሪቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሰይድ ወጣች።

ሰይድ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ጥላ ሥር ቆሟል። ጉዳዩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

«አጥፍቼዋለሁ፣ እትዬ ደብሪቱ።»

«አጠፋኸው? የሰው ሠርግ?»

«የደሴን ሙሽራ ሁሉ ላስቀምጥ ብል ኮምፒውተሩ ይፈነዳል። ግማሾቹ እኮ ተፋተዋል።»

«የተፋቱትን አጥፍተህ የኔን ብታስቀር ምን ነበረበት!»

«አይቆጡ። ሁሉንም እንዳለ ለትርንጎ በፍላሽ ሰጥቻታለሁ። ፍላሹን ያምጡልኝ እንጂ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ኦሪጅናሉን ለቅሜ የማወጣልዎት እኔ ነኝ።»

ትርንጎ ፍላሹን ካላመጣች ሰይድ አይሰጥም፤ ሰይድ ካልሰጠ ይርዳው አያትምም፤ ይርዳው ካላተመ ባነሩ አይሰቀልም። ደብሪቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ትርንጎ ወረደች።

ትርንጎ ከአማቷ ግቢ ነው የምትኖረው። ስለዚህ የምታወራው በሹክሹክታ ነው።

«ፍላሹማ አለ» አለች።

«ስጪኛ!»

«ቀስ ይበሉ። የእማማ ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቷል። ሲነጋም ሲመሽም የሠርጉን ፊልም ነው የሚያዩት። እዚህ ቤት ዜና ከተሰማ ቆይቷል። ባለፈው በአገራችን ምን እንደተፈጠረ የነገረኝ ወተት አምጪው ነው።»

«ታዲያ ቡና ስታፈላ ወይ ስትወጣ ጠብቀሽ ንቀይው።»

ትርንጎ ደረቷን ያዘች። «እኔ? ከአማቴ ቴሌቪዥን? እትዬ፣ አንድ ቀን በስህተት ድምፁን ቀነስኩ፤ እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይነሳብኛል። እሳቸው ራሳቸው ካጠፉት ወዲያው እነቅላለሁ። በሩጫ አመጣልዎታለሁ።»

አማትየዋ ይመኙሻል ቴሌቪዥኑን ካላጠፋች ትርንጎ ፍላሹን አትነቅልም፤ ትርንጎ ፍላሹን ካልነቀለች ሰይድ አይሰጥም፤ ሰይድ ካልሰጠ ይርዳው አያትምም፤ ይርዳው ካላተመ ባነሩ አይሰቀልም። ደብሪቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ይመኙሻል ሳሎን ገባች።

ይመኙሻል ሶፋዋ ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጣለች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል።

«በሰዓቱ መጣሽ!» አለች። «ይኸው፣ ይኸው፣ አሁን አንቺ ትስቂያለሽ።»

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው ደብሪቱ ሳቀች። ሶፋው ዳር የተቀመጠችው ደብሪቱ ምራቋን ዋጠች። እዚያች ብርሃን ውስጥ ያለው ፊት ካብ አልነበረም።

«ይመኙሻል፣ እህቴ፣ ይህን ነገር ለግማሽ ቀን ብታውሺኝስ?»

«አይነቀልም።»

«ለግማሽ ቀን!»

«ምያለሁ፣ ደብሪቱ። ይቺን ልጅ ሽማግሌ ሆኖ የለመነልኝ ማነው? አራጋው። ሠርጉ ላይ የመረቀው ማነው? አራጋው። ና፣ ምርቃትህን በቴሌቪዥን እይ ብዬ ላክሁበት፤ ደግሼ ጠበቅሁት፤ ቀረ። ደግሜ ላክሁበት፤ ቀረ። ደጄን ተጠየፈ ማለት ነው! እኔም አራጋው መጥቶ እዚያች ወንበር ላይ ካልተቀመጠ ይህ ቴሌቪዥን አይጠፋም ብዬ ምያለሁ።»

«ስትተኚስ?»

«ድምፁን ብቻ ነው የምቀንሰው።»

አራጋው ካልመጣ ይመኙሻል አታጠፋም፤ ይመኙሻል ካላጠፋች ትርንጎ አትነቅልም፤ ትርንጎ ካልነቀለች ሰይድ አይሰጥም፤ ሰይድ ካልሰጠ ይርዳው አያትምም፤ ይርዳው ካላተመ ባነሩ አይሰቀልም። ደብሪቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ የአራጋውን ዳገት ተያያዘችው።

አራጋው በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ እግሩ ላይ ጣል አድርጎ ተቀምጧል። ደብሪቱ ስሟን አልተናገረችም። ሁለት ጊዜ ያሸችው ሰው ረስቶኛል ብላ አላሰበችማ።

«ማን ልበል፣ እታለም?» አለ።

«ከይመኙሻል ዘንድ ነው የመጣሁት፣ ጋሽ አራጋው። ተቀይማለች። ለምን ቀሩባት?»

«በምን እግሬ ልሂድ?» ብርድ ልብሱን ገለጠው። ቁርጭምጭሚቱ ዱባ አክሏል። «መንገዱን ቆፍረው ጥለውት ሄዱ፤ ገባሁበት።»

«ታዲያ እንዲህ ሆንኩ ብለው አይልኩባትም?»

«ሽማግሌው ወደቀ ይባልልኝ? ነገ ማን ለእርቅ ይጠራኛል? መሃል የሚቆም ሰው፣ እታለም፣ ቢያንስ መቆም አለበት።»

«ወጌሻስ?»

«ወጌሻ አልሽ!» አራጋው ከዘራውን ወለሉ ላይ መታ። «ደብሪቱ የምትባል አንዲት ነበረች። እጇ መድኃኒት ነው። ከዘራ ይዤ እየተንፏቀቅሁ እቤቷ ብደርስ ፍርስራሽ! ወዴት ገባች ብል የሚያውቅ የለም። ምን ዓይነት ግዴለሽ ሴት ናት? ሰው ቤት ሲቀይር ባነር እንኳ አይሰቅልም?»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ። ባነሩ ካልተሰቀለ ወጌሻዋ አትገኝም፤ ወጌሻዋ ካልተገኘች እግሩ አይድንም፤ እግሩ ካልዳነ አራጋው አይመጣም፤ አራጋው ካልመጣ ይመኙሻል አታጠፋም፤ ይመኙሻል ካላጠፋች ትርንጎ አትነቅልም፤ ትርንጎ ካልነቀለች ሰይድ አይሰጥም፤ ሰይድ ካልሰጠ ይርዳው አያትምም፤ ይርዳው ካላተመ ባነሩ አይሰቀልም።

ደብሪቱ ነጠላዋን አጣፋች። ልማድ ሆኖባት፣ ወደሚቀጥለው ቤት ልትሄድ ሁለት እርምጃ ተራመደች። የሚቀጥለው ቤት የራሷ ነበር።

ዞር አለች። «ጋሽ አራጋው፣ ደብሪቱ እኮ እኔ ነኝ።»

አራጋው ከራሷ እስከ ጫማዋ አያት። «አይደለሽም።»

«ነኝ እንጂ!»

«ለኔ ነው ደብሪቱን የምታሳውቂኝ? ሁለት ጊዜ አሽታኛለች።»

«ፊቷን አይተውታል?»

አራጋው ሊመልስ አፉን ከፈተ። አሰበ። አፉን ዘጋ። «እግሬን ይዛኝ የማን ፊት አያለሁ?» አለ በመጨረሻ። «ዓይኔን ጨፍኜ ታቦት እየጠራሁ!»

ደብሪቱ ማወቅ ያልፈለገችውን ነገር ያን ጊዜ አወቀች። ዕድሜዋን ሙሉ ስታሸው የኖረችው ከተማ አንድ ቀን እንኳ አላያትም፤ ሁሉም ጨፍኖ ነው የወጣው። ሌላ ሰው ቢሆን ባነሩን እዚያው ይተወው ነበር። እሷን ግን ባሰባት። ይህ ሁሉ ሕዝብ አንድ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ ሳያየኝማ አልቀርም አለች በሆዷ።

«እንግዲያው ይጨፍኑ» አለችው። እግሩን ያዘች። ቀው አለ።

«ወይኔ እናቴ! አንቺ ነሽ! ደብሪቱ! ራስሽ ነሽ!»

ከዚያማ ማን ይያዘው። ወጌሻዋ ተገኘች፣ እግሩ ተመለሰ፤ እግሩ ተመለሰ፣ ቀናት አልፈው እብጠቱ ጎደለና አራጋው መጣ፤ አራጋው መጣ፣ እዚያች ወንበር ላይ ተቀመጠ። ምርቃቱን አየ። በራሱ ምርቃት አለቀሰ። «ድገሚልኝ እስቲ» አለ። ደብሪቱ በር ላይ ቆማ ጥርሷን ነከሰች። ተደገመለት፤ እንደገና አለቀሰ። «እንዲህ አድርጌ መርቄ ነበር?» አለ። «አንተ ነህ እንጂ ማን ሊሆን!» አለች ይመኙሻል፤ እሷም አለቀሰች፤ ቂሟ ወጣላት፤ ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ግቢው ጭር ሲል ጎረቤት ምን ነክቷቸው ነው ብሎ በአጥር ብቅ አለ። ይመኙሻል አጠፋች፣ ትርንጎ ነቀለች፤ ትርንጎ ነቀለች፣ ሰይድ ኦሪጅናሉን ለቅሞ አወጣ፤ ሰይድ አወጣ፣ ይርዳው ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው።

ሦስት ሜትር አድርጎ ዘረጋው። የጥበቡ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። አፍንጫዋ አፍንጫ ነው።

«ዳር ዳሩ ግን ቦታ ይፈልጋል» አለ ይርዳው። «ጫፉ ይታጠፋል፤ በእጥፋቱ ላይ የገመድ ቀለበት ይመታል። ቦታ ካልተውኩ ቀለበቱ ጆሮዎን ይበሳዋል።»

«ጆሮዬማ ድሮ ተበስቷል፤ ምታ።»

«ጥግ ላይ ደግሞ የሰው ትከሻ ገብቷል። የእትዬ ይመኙሻል መሰለኝ። ልቁረጠው?»

ደብሪቱ ትከሻውን በባለሙያ ዓይን አየችው። «ተወው» አለች። «ጤነኛ ትከሻ ነው። ያስተዋውቀኛል።»

ይርዳው ቀለሙን ጥቂት አደመቀው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚያበራ ቀይ ባነር ላይ ሲወጣ ይደክማልና። ከሥሩ በትልቁ «ወጌሻ ደብሪቱ» ብሎ ጻፈ። ታተመ። ማለዳ ላይ ተሰቀለ። ከገበያው መግቢያ ቀና ያለ ሁሉ የምትስቅ ደብሪቱን አየ።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ይርዳውም ደብሪቱም ያላሰቡት ነገር አለ። በዚያ ሰፈር የሕያው ሰው ባነር ሁሉ ካብ ነው። ፀጉር ቆራጩ ከበሩ በላይ ካብ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ካብ ናት፤ የመንጃ ፈቃድ አስተማሪው ከነመኪናው ካብ ነው። ሕያው ሰው ስልኩ ላይ የተገኘውን ሰጥቶ ያሳትማል። ቤት ለቤት ተዙሮ፣ ዘመድ ተለምኖ፣ ኦሪጅናሉ ተፈልጎ፣ እንዲህ ጥርት ተደርጎ የሚታተመው የሞተ ሰው ብቻ ነው። የገበያው ሰው ቀና ብሎ ያንን የጠራ ፊት አየ፤ ከሥሩ ያለውን ስም አነበበ፤ ነጠላውን አዘቀዘቀ።

«ደብሪቱ! ለካ የጠፋችው ሞታ ነው!»

የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ድንኳን መጣ። አልቃሽም አልጠፋች፦

«እጇ እሳት ነበረ፣ አጥንት የሚያቀልጥ፤
ማን ይመልስልን፣ ትከሻ ሲያመልጥ?»

ደብሪቱ ቤት ውስጥ ቅቤዋን ስታሞቅ ለቅሶ ሰማች። ወግ የምታውቅ ሴት ናትና ምድጃዋን ትታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ወጣች። ከለቀስተኛው መሃል ገብታ አምርራ ካለቀሰች በኋላ አጠገቧ ያለችውን ሴት ጎሸም አደረገቻት።

«ማን ነው የሞተው?»

«ደብሪቱ!»

«የቷ ደብሪቱ?»

«ወጌሻዋ! እጇ ወርቅ የሆነው!»

ደብሪቱ ስለ እጇ የተባለውን ወደደችው፤ ትንሽ ጨምራ አለቀሰች። ከዚያ ነው ነገሩ የገባት። «ኧረ በሕግ! እኔ እኮ ነኝ!» ብላ ጮኸች። ሰዉ ወደ ባነሩ ቀና አለ። ወደ እሷ ዝቅ አለ። እንደገና ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ መላው ሰፈር ዓይኑን ገልጦ አያት።

በዚህ መሃል ከላይ ከዳገቱ «እህቴን! እህቴን!» የሚል ድምፅ እየቀረበ መጣ። አራጋው ነው። ባነሩ ለምን እንደተሠራ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ግን ጡሩምባ ሲነፋ ቆሞ የሚያስብ ሽማግሌ የለም። ከዘራውን ጥሎ፣ እየጮኸ፣ ቁልቁል እየሮጠ መጣ። በሕይወት ቆማ አያት። ደስ አለው። ደስ ሲለው ቦዩን አላየውም።

ደብሪቱ ከበላዩ ደረሰች። «ጋሽ አራጋው! በዚያ እግር ይሩጡ ያለዎት ማነው?»

«ሞተሻል ሲሉኝ!»

«ብሞትስ? ብሞት ይህን እግር ማን ሊያሽልዎት ነው የሮጡት?»

አራጋውን ከቦዩ አወጡት። የእድሩ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ከልማዱ ዓይኑን ጨፈነ። ከጎኑ የተቀመጠው ለቀስተኛ ጉሮሮውን ጠረገና፣ መቼም ከመጣሁ አይቀር ብሎ የወገቡን ሕመም አነሳ። ከእሱ ቀጥሎ ያለችው የእጇን አንጓ አሳየች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ለለቅሶ የተዘረጋው አግዳሚ ወንበር እንዳለ ወረፋ ሆነ። እድርተኛው ድንኳኑን ሊያፈርስ ሲነሳ ደብሪቱ ክንዷ እስኪያብረቀርቅ ቅቤ እንደተቀባች ቀና አለች።

«ተዉት» አለች። «ፀሐይ ላይ አላሽም።»

አሁን አንድ ልመና አለኝ። ይህን ለማንም አትንገሩ። ፀጉር ቆራጩ ሰምቶ ኦሪጅናሉን ፍለጋ ዘመዶቹን መለመን ጀምሯል፤ ልብስ ሰፊዋም ሰይድ ጋ ስትመላለስ ታይታለች። ወሬው እንዲህ ከተዛመተ የከተማው ሰው ሁሉ ከበሩ በላይ ጥርት ብሎ ይሰቀላል፤ ያን ጊዜ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳለ የሚለይልን አይኖርም። አደራ።